ከማኅተሙ ጎን

ከጽፋት ቁልቁል፣ ከወይራው ግርጌ፣
ባልዲዬን ከእግሬ ሥር አድርጌ፣
በጥርስ ብሩሽ ገል አጥባለሁ።
የገንቦ ትከሻ ነው፤ ጠጠር የበዛበት፣
ሳይተኮስ፣ ገና እርጥብ ሳለ፣ አንዱ ማኅተም ያንከባለለበት፦
የፍየል ቀንድ በተርታ፣ እንደ ሰፌድ ዳር ጥልፍልፍ።

«አምስት ሺህ ዓመት!» አለች ኖጋ፣ ማጉያዋን አስጠግታ፤
«የባለቤቱ ምልክት ይሆናል፤ ወይ የዘይቱ።»
ብዙ አወራች፣ ስለ ጌታ።
የእኔ ዓይን ከማኅተሙ ጎን ነው፤
ገንቦው እንዳይዞር የደገፈ አውራ ጣት
ጥፍሩ ሳይቀር ጭቃው ላይ አለ።

እናቴ ደብሪቱም ወለቃ ላይ እንዲህ ትደግፍ ነበር።
ገንቦዋን ወደው እጇን የሚፈሩ፣
ስታልፍ ልጃቸውን የሚሰውሩ፣
«ቡዳ» ብለው አተሙባት።
ያ ማኅተም እሳት አልነካውም፤
ግን እስካሁን ስፈትገው
አይለቅም።

ኖጋ ቁጥር ጻፈችበት። ቅጹ ላይ
«ማኅተም» የሚል ሣጥን አለ፤ «ጣት» የሚል የለም።
ዞር ስትል
አውራ ጣቴን ከስርጉዱ ሰደድኩ፤
ሰፋኝ።
እኔ ጭቃ ረግጬ አላውቅም።