የይማም ቀኝ እጅ

ዘይነባ ወረደች ከሸዋ በር፣ በጠዋት፣
የጦሳ ጉም ገና ሻሿ ላይ ሳይደርቅላት።
እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፤ ላቤ ባንገቴ ላይ፣
የቦርከናን ጭቃ ከጠጠሩ ስለይ።
ሰላምታዋን ቸኩላ ፌስታሏን ፈታችው፤
የካምቢዮ ራስ ነው ፊቴ ያኖረችው፣
ጥቁር፣ ድቡልቡል፣ በእጅ ብዛት የላመ።
«የይማም ቀኝ እጅ ይውጣልኝ ከዚህ፣ እንደታተመ።»

«ፎቶግራፍ የለሽም?»
                    «ፊቱን መች ፈለግሁ?
ፊት በኛ ቤት አይቀረጽም፤ ደሞም እሱን አልረሳሁ።
እጁ ነው የጠፋኝ። ሐረጎን ሲወጣ፣ ሐረጎን ሲወርድ
ሠላሳ ዓመት የጨበጠው ይህን ነው፤ እኔን ግን በዘመድ።»

አገላበጥኩት። በግራው አውራ ጣት የበላው ጉድጓድ፣
በቀኙ የሦስት ጣት ፈለግ፤ የአራተኛው ዘንድ
ፕላስቲኩ እንዳዲስ ነው፣ ማንም ያልነካው።
«ይችን ጣት ምን አገኛት?» አልኳት። ሳቋ መጣ፣ ሳታስበው፤
«ለካስ ሳልነግርህ! ክሪክ ነው፣ ባቲ መንገድ ላይ፣ የቆረጠው።»

ነሐስ ዘንድሮ ጤፍ ሆኗል፤ አሮጌ ቧንቧ፣ የተሰበረ ቁልፍ፣
ከጨርቃ ጨርቁ የወጣ ቡሽ፣ ሁሉም በሚዛን፣ በሰልፍ።
ይህን ስነግራት፦ «መዳቡ ከኔ! ራዲያተሩ አለ ጓሮዬ፣ እንደተጋደመ፣
ዶሮ ፈልፍላበታለች» አለች። ሂሳቡ እዚያ ላይ ቆመ፤
ሦስት መቶ ብር ቀረኝ።

ሰሙን ከቃሉ ማር ሻጭ፣ የንብ እግር ሳይለቀም፣ ገዛሁ።
በካምቢዮው ራስ ዙሪያ ጣት በጣት አለበስኩ፣
የሌለውን ሰው እጅ ካለው ጉድጓድ ተዋስኩ።
ራሱን መዘዝኩና ጭቃ ቀባሁ፣ በእበት፣ ሰባት ጊዜ።
ከዚያ እሳት።
ሰሙ ቀልጦ ወጣ፣ ጣቶቹም አብረው ፈሰሱ፤
ባዶው ግን አልፈሰሰም፤ ተቀምጧል በራሱ።
የቅኔ ሰው ሰሙን ገፎ ወርቁን ይሻል፣ ይባላል፤
እኔን የሚያሳዝነኝ ሰሙ ነው፤ ለሱ ማን ያለቅሳል?

ደምሌ ወናፉን ሲነፋ መሸ። ራዲያተሩ ቀላ፣ ላመ፣ ፀሐይ ሆነ፤
ቆርቆሮ ጣል አረግን፤ ቀዳን። ስንሰብረው አመልካች ጣቱ መከነ፤
አየር ቀድሞት ገብቷል።
ደምሌ ተራገመ፤ እኔ መዶሻ አነሳሁ፤
ነሐስ ቂም የለውም፤ ከሰም ጀምሬ መለስሁ።
ሁለተኛው ወጣ። በሞረድ አለዘብሁ፣ በመሮ ጅማቱን ገራሁ፤
የጎደለችው ጣት ጉቶ ላይ ግን፣ ማለስለስ ፈራሁ።

ስታነሳው ከበዳት። ምክሬን ደረደርኩ፦
«ሎሚ አታስነኪው፣ አመድ አታስነኪው፣ በረኪና ደግሞ በጭራሽ!
የደሴ ጉም ይዋል ይደር አረንጓዴ ያለብሰዋል፤ አይክፋሽ።
አቧራውን በደረቅ ጨርቅ፤ በዓመት አንዴ፣ ፀሐይ ላይ ሞቅ ሲል፣ ሰም ቀቢው፣ በስሱ፤
የፈሰሰው ሰም በዚያ ነው መመለሱ።»

ዓመት አልፎ ወጣሁ ደሴ፣ ሦስት መቶ ብሬን ልጠይቅ።
እጁ መስኮት ዳር ነው፤ አንጓው አረንጓዴ፣ ጀርባው ቡናማ፣ የማይደምቅ።
መዳፉ ውስጥ ግን፣ የካምቢዮው ራስ በነበረበት ጎድጓዳ፣
እንደተቀዳበት ሌሊት ይነድዳል፤ ወርቅ ነው፣ የጸዳ።
«በሎሚ ጠረግሽው?» አልኳት።
                    «ወላሂ አልጠረግሁም» አለች፤
ዓይኗን ወደ መስኮት፣ እጇን ወደ ሻሿ አሸሸች።
ጡጫዋን አየሁት። ትንሽ ነው። ልኩ ነው።

ብሩን ሳልጠይቅ ወረድኩ። ሐረጎ ላይ፣ ጉም ሲገለጥ፣
የሾፌሩን ቀኝ እጅ ሳይ ነበር፣ ማርሽ ሲለውጥ።