ኤፕሲሎን

ማራኪ፣ ግቢ ውስጥ፣ መብራቱ ሲጠፋ፣ ስልኬን አብርቼ፣
ነጥብ በነጥብ ሳልኩት የቀሐን መንደር፣ ሰሌዳ ሞልቼ።
ነጥቡ ሰው ነው፤ መስመሩ ሰላምታ፣ ከደጅ እስከ ደጅ፤
ከነጥቦቹ ሁለቱ፦ አዛናው ሸማኔው፣ ትርንጎ ፈታይዋ፣ ጎረቤትና ወዳጅ።

ሁለት ሰዓት አለ በዚህ በኔ ስሌት፤
አንዱ ይሮጣል፤ ሌላው ይዘገያል እንደ ድንጋይ ሽበት።
ፈጣኑ፦ «እንዴት አደርሽ?» ብሎ፣ አጥር ተደግፎ ጥቂት ማረፉ፣
ክር መቀባበሉ፣ ስለ ዝናብ አውርቶ በሣቅ መተላለፉ።
ቀርፋፋው መንገዱ ነው፤ ከካብ እስከ ካብ እግር ያወጣው፣
ሲረግጡት የሚሰፋ፣ ሲተውት ሣማ የሚውጠው።
እግር መንገድን ይሠራል፤ መንገድም እግርን ይመራል፤
ማን ቀደመ ብትሉት፣ እኩልታው ሁለቱንም ባንድ ቅንፍ ያስራል።

በመሃላቸው አንዲት ፊደል አለች፣ ከግሪክ የመጣች፤
ኤፕሲሎን፣ ከጤፍ ቅንጣት ያነሰች።
«ዜሮ ናት በሏት» ይላል መጽሐፉ፤ መንገዱን እንደ ቆመ ቁጠሩት።
እኔም እንዲያው እላለሁ።
«ካልቆመስ?» ብላ አንጓች ከኋላ ወንበር ትጠይቃለች።

ጥቅምት ላይ አዛናው በሰው ፊት፣ ለቀልድ ያህል፣ «ክሯ ቋጠሮ ይበዛዋል» አለ።
ትርንጎ ሰማች። መውደዷ ያን ቀን ከዜሮ በታች ወረደ፤ ማን አስተዋለ?
በማግስቱ ምንም አልሆነ፤
በዚያው መንገድ መጣች፣ ክሩን ሰጠች፤ ተቀበለ፣ አመሰገነ።
ኅዳር አለፈ፤ ታኅሣሥም። ለልጇ ጋቢ ሠራላት።
የተቆረጠ ቅርንጫፍ ቅጠሉ ለጥቂት ቀን ይለመልም የለ?
ልማድ እንዲያ ነው፤ ሥሩ ከሄደም ወዲያ በዚያው መስመር ይነዳታል፣ በዚያው ሰዓት።

የካቲት፣ ማለዳ፣ ያለ ጠብ፣ ያለ ነፋስ፣
በላይኛው መንገድ ዞራ ሄደች። በቃ። እስከ ዛሬ ድረስ።

ጎረቤት «የካቲት ላይ ምን ተባባሉ?» እያለ ይመረምራል።
ምንም። ጥቅምት የተባለ ነው፣ አራት ወር በእግሩ ሲመጣ የከረመ።
እሱም ይቅርታ ሊል አንዴ ደጇ ደርሶ ቆመ፤
የሄዱበት ያህል ቢመለሱ አይበቃም፤ መመለሻው ሌላ ነጥብ ላይ ነው፣ ይርቃል።

መንገዱ ግን መለያየታቸውን ገና አልሰማም፤ ሣማው ጉልበት አልደረሰም።
ለእኔ ቤት ዙሪያ ነው፤ ማንም በዚያ ና አላለኝም።
ማታ ማታ ግን በዚያ እመለሳለሁ፣ ጠመኔ የነካ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ እርምጃዬን ቆጥሬ።
ይለበልበኛል።
እጅግ ትንሽ ናት፤ ዜሮ ግን አይደለችም፤ ኤፕሲሎን ናት እግሬ።