ሠላሳ ሰባት ነጥብ አምስት

የሰፈሬ ስሙ ዶሮ ማነቂያ፣
እኔ ግን ገዛሁ ጫጩት መፈልፈያ።

ሰዓት ጠጋኝ ነኝ፤ አርባ ዓመት ሙሉ
በጥርስና በሞላ ዓይኖቼ ዋሉ።
ስለ ጊዜ ብትጠይቁኝ መልስ አላጣም፤
ስለ ሙቀት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምንም።

መጀመሪያ መርካቶ ወረድኩ ልመርጥ።
ሻጩ፣ ምላሱ ቅቤ የሚያቀልጥ፣
"የቻይና ነው፣ ዘጠና ስድስት ይይዛል፤
ራሱ ያሞቃል፣ ራሱ ያገላብጣል፤
አንተ ለጥ ብለህ ተኛ፣ እሱ ያቅፋል።"
የታቀፈች ዶሮ ለጥ ብላ አትተኛም፣ ብዬ አሰብኩ፤
ዋጋውን ስሰማ ኪሴን ዳብሼ ተሰናበትኩ።

ሶማሌ ተራ ጥግ ውብአንተ የሚባል ልጅ
ከዓሣ መጫኛ ፎም በእጁ የሚያበጅ፦
ሁለት አምፖል፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ማራገቢያ፣
በምላጭ የተከረከመ የመስታወት ማያ፣
ቀይ ቁጥር የምታበራ አንዲት ቴርሞስታት።
"ሠላሳ እንቁላል፣" አለኝ፣ "ለጀማሪ በቂ ናት።
ቁጥሯን ግን አትመናት።"
ሸቀጡን የሚያማ ነጋዴ አይቼ አላውቅም፤
ከፈልኩ። አልተከራከርኩም።

አልጋዬ ሥር አኖርኳት፣ ከቆርቆሮው ብርድ ርቃ፤
ያለ አንድ እንቁላል ሦስት ቀን ባዶዋን ሞቃ።
ቀይዋ ቁጥር "ሠላሳ ሰባት ተኩል" ትላለች፤
ከፋርማሲ የገዛኋት የትኩሳት መለኪያ፣
ባራገፍኳት ቁጥር፣ "ሠላሳ ዘጠኝ" አለች።
የእጅና የግድግዳ ሰዓት ሲካሰሱ
ዳኛው እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ ግን በእነሱ
መሀል ቆሜ ቀረሁ።
በቀጭኗ መፍቻ፣ የሴት ሰዓት በምፈታባት፣
የናሷን ብሎን የፀጉር ያህል ዞር አደረግኳት።
ጠበቅኩ። ጻፍኩ። ሠላሳ ስምንት።
ደግሞ የፀጉር ያህል። አለፈች። መለስኳት።
ስትረጋ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል።
"እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል"
ብለው አባቶች ተርተው አለፉ፤
በስንት ዲግሪ እንደሆነ ግን የትም አልጻፉ።

የሱቅ ዶሮ አውራ አታውቅም፤ እንቁላሏ ለጥብስ ነው፤
የእኔ ከጉለሌ ነው፣ አውራ ሰፈር ከሚያውከው
ከእትዬ አጸደ ግቢ።
በእርሳስ ባንድ ጎኑ "ጠ"፣ በሌላው "ማ" ጻፍኩበት፤
ጠዋት "ጠ" ወደ ላይ፣ "ማ" ደግሞ ለምሽት።
የጥር አየር ደረቅ ነው፤ ስኒዋ ውኃ አልበቃት አለች፤
ስፖንጅ ጨመርኩላት፣ መስታወቷ ላበች።
"አዲስ አበባ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣" አለኝ ውብአንተ በስልክ፤
"ቀዳዳዋን አስፋላት። ቅርፊት ውስጥም ይተነፈሳል።"

በሰባተኛው ሌሊት በስልኬ ባትሪ አየሁ፦
ቀያይ ቀጫጭን መንገዶች፣ እንደ ሰፈራችን ጉራንጉር፣
መሀላቸው የምትነጥር ነቁጥ።
ጆሮዬን አስጠጋሁ። ቀጭ ቀጭ አትልም።
ግን ትሠራለች።

በአሥራ ዘጠነኛው ማታ መብራት ሄደ።
ቆጣሪው የጋራ ነው። ባንቺአምላክ
"ቢሉን የሚያንረው ያንተ ዶሮ ነው" ብላ
ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘግታኛለች።
ያን ማታ ግን በሬን በክርኗ ገፋች፣
አራት ሃይላንድ ትኩስ ውኃ ታቅፋ፣
"ስንት ደረሰ?" አለች።
ሠላሳ አምስት።
ጋቢዋን አውልቃ ደረበችባት።
ከሰሉ ላይ ማንቆርቆሪያ እያፈራረቅን፣ ሌላ ቃል ሳንነጋገር፣
አሥር ሰዓት ላይ አምፖሉ ብልጭ እስኪል።

ሃያ አንድ ቀን ሞላ። ዝም።
ለእኔ ሃያ አንድ ማለት ሃያ አንድ ነው፤ ሰከንድ አይጨመርበትም።
በሃያ ሁለተኛው ንጋት፣ ከአንዷ "ጠ" አጠገብ ስንጥቅ፣
ከስንጥቁ የስንዴ ፍሬ የምታህል ምንቃር።
ዘገየች። አላረምኳትም።

ላባቸው ሲደርቅ አሥራ ሰባት ቆጠርን።
ባንቺአምላክ ጥቁሯን መርጣ፣ በነጠላዋ ጫፍ ሸሽጋ፣
"ይቺ ለቆጣሪው፣" ብላ ወጣች።