የላዳዋ ኮርኒስ

«ውሃ እንዳታበዢ» አለኝ የላቫጆው ልጅ ኦብሳ፣
«ጣራ ምንጣፍ አይደል፣ ታሽቶ አይነሣ፤
ሙጫው ከረጠበ ጨርቁ ይንጠለጠላል፣
ከዚያ በኋላማ ማን መልሶ ይሰቅላል?
አረፋውን ብቻ፣ በስፖንጅ ጫፍ፣ ለስለስ፣
ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሳትፈትጊ፣ ቀስ በቀስ።»

ቅዳሜ ነው። ገዢው ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል።
የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮ ያቀልጣል፤
በሯ ቢከፈትም ውስጧ እንደ ምድጃ፣
የኋላ መስኮቷ አይወርድም፣ ተነቅሏል መያዣ።
ወንበሩን ዘርግቼ በጀርባዬ ተኛሁ፣
ከሥሩ ያደግሁበትን ጣራ ገና ዛሬ አየሁ።

ድሮ ነጭ ነበረ ይላሉ፤ አሁን ግን ቀለሙ
ወተት ያነሰው ሻይ፣ አቧራና ጢስ አብረው ሲከርሙ።
ከኋላ ወንበር በላይ ቅቤ የጠጣ ክብ፣
አንዲት ረጅም ሴትዮ፣ በኮረኮንቹ ላይ፣ ደብ! ደብ!
በቀኝ ትንሽ ቀዳዳ፣ የሲጋራ አፍ፣
ከሶደሬ መልስ አንድ ጎረምሳ፣ በጭፈራው ሲያልፍ።
ከመስተዋቱ አጠገብ ጥቁር ብናኝ ሰፍሯል፣
ወንጂ አገዳ ሲነድ ገብቶ፣ ሳይከፍል ተሳፍሯል።

ከመሪው በላይ ደግሞ
የአባዬ ራስ ቦታ።

ረጅም ነው አባዬ፤ ላዳ ደግሞ አጭር ናት፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንገቱን ሰብሮ ነዳት።
ጸጉሩ፣ ላቡ፣ ኮፍያው፣ በመጨረሻም መላጣ፣
ሳህን የሚያህል ክብ፣ ጥቁር ፀሐይ አወጣ።

አልሞተም፤ ቤት አለ። ጉልበቱ ነው ያስቸገረው፣
«ፍሪሲዮን እንዳትረግጥ» ብሎ ሐኪሙ ነገረው።
«እጠቢና ሽጫት» አለኝ ቴሌቪዥኑን እያየ፤
መብራቱ ከጠፋ'ኮ ሁለት ሰዓት ቆየ።

ጀመርኩ።
ከጥጉ ነው ብዬ፣ ከትንሽዬ ሥፍራ፣
አረፋ ነካ አድርጌ ጠረግኩት፤ ወዲያው በራ።
መዳፍ ያህል ነጭ፣ የተላጠ እንቁላል፤
እሰይ ልል ስል ግን ልቤ ዝቅ ይላል።
እስከዚያች ደቂቃ አንድ ቀለም ነበረ ቆሻሻው፣
አሁን የጸዳችው ናት ነውሩ፣ እሷ ናት ጠባሳው።
እንግዲህ መመለስ የለም፤ ከነኩ አይቀር
እስከ ኋላ መስታወት፣ እስከ በሩ ድንበር።

ክንዴን ይዞ ወረደ ቡናማ ውሃ፣
በብብቴ ገባ፣ አዋሽ በበረሃ።
ቅቤው እንቢ አለኝ፤ በኦሞ ለመንኩት፣
የአገዳውን ጥላሸት በብሩሽ አራገፍኩት፤
ቀዳዳውን ተውኩት፣ ቀዳዳ አይታጠብ፤
ቀረኝ የአባዬ ክብ።

እዚህ ላይ ኦብሳን ረሳሁት።
ውሃ አበዛሁ። ፈተግኩት፣ ደግሜ ፈተግኩት፤
ንዴት ይሁን ሌላ፣ ስሙን አላውቀውም፣
ጥቁሩ ፀሐይ ግን ሳሳ እንጂ አልጠለቀም።
ጨርቁ ሆዱን ነፋ፣ ሙጫው ተንፈስ አለ፣
በመዳፌ ደገፍኩት፤ እጄ እዚያው ዋለ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አቶ ጉደታ መጡ፣
ጎማ በእግር መቱ፣ ኮፈን ከፍተው አዳመጡ፤
ከሥር ተንበረከኩ፣ ዘይቷን መቅመስ ነው የቀራቸው፣
ቀና አላሉም። አንዴም! ጣራ ምናቸው?
ጠዋት ሙሉ ያሸሁት፣ ክንዴ የዛለበት፣
ዓይን አላረፈበት።

«እስቲ ልሞክራት» ብለው ገቡ፤ ረጅም ናቸው፣
አባዬ ቦታ ላይ ተተከለ ራሳቸው።

ጠብ።

እጃቸውን ወደ መላጣቸው ሰደዱ፣
ጣታቸውን አዩ፣ ዝም ብለው ወረዱ፤
ያኔ ቀና አሉ። የጥር ሰማይ ነው፣ ደመና የሌለበት።
«ታፈሳለች እንዴ?» አሉኝ፤ «አምስት ሺህ ቀንሺበት።»

«የአባቴ ራስ ነው» ይባላል?
ቀነስኩ።

ማታ ገንዘቡን ቆጥሬ ለአባዬ ሰጠሁት፣
የጠብታዋን ነገር ስነግረው፣ ሲስቅ አየሁት፤
ጉልበቱ ከታመመ ወዲህ እንዲያ ስቆ አያውቅም።
«ሰውየው ረጅም ነው?» አለኝ እንባውን እየጠረገ።
«እንዳንተ ነው» አልኩት።
«እንግዲያው ቦታው አይቀዘቅዝም» አለና
ከወንበሩ ሲነሣ አንገቱን ሰበር አደረገ፤

የቤታችን ጣራ'ኮ ሩቅ ነው።