ከዜሮ በታች

በጀቱ ለአንድ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ሁለት፤
«የቱ ይታደሳል?» አለች አለቃዬ ትሁን፣ «ቁጥር ይፍረድበት።»

ዓርብ ከድልድዩ ማዶ አዲሱን ሰፈር አየሁ፤
ባንድ ክፍል ውስጥ ልጅ መቶ ዐሥራ አንድ ቆጠርሁ።
አራቱ ዴስክ ላይ፣ አምስተኛው መሬት፤
የጠዋቱ ሳይወጣ የከሰዓቱ ፈረቃ ይገባል በመስኮት።
ድምፅዋ የተዘጋ አንዲት አስተማሪ
በጠመኔ ነበር የምታናግረኝ፤
«ክፍል» ብላ ጻፈች። በመዳፏ አጠፋችው።
«አየር» ብላ ጻፈች።

ሰኞ ጀልባ ያዝሁኝ፣ ሜትሬ በብብቴ፤
ወይራ አፋፍ ስደርስ ሆዴ ጮኸ፣ ቁርሴን ረስቼው ከቤቴ።
ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ገና ልጅ ይቀብራል፤
ጣሪያው ግን ወንፊት ነው፣ ሰማይ ያሳያል።
አራተኛ ክፍል ውስጥ የዓሣ መረብ ተሰቅሏል፤
ሰሌዳው ላይ ያለው ቀን የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ግንቦት ይላል።

ማታ፣ መምህራን ቤት፣ በባትሪ ብርሃን
ካሬ ወረቀት ላይ የምዝገባውን መስመር አሰመርሁ፦
ስድስት መቶ ዐሥራ አንድ። አራት መቶ ሰባት። መቶ ዘጠና ስምንት።
የከርሞውን ነጥብ ለማግኘት ማስመሪያዬን ገፋሁ፣
መስመሩ ዜሮን በስቶ ወረደ።
ኔጌቲቭ ዐሥራ አንድ ልጅ።

እነማን ይሆኑ? ማን ይባል ስማቸው?
ከደንገሉ ሥር ነው፣ ከውኃው ወለል ነው የምናገኛቸው?
ስም ሲጠራ «የለሁም» ብለው የሚመልሱ፣
አንድ ልጅ ቢመጣ ዐሥር ሆነው የሚያንሱ?

ጠዋት ለጥበቃው፣ ለጋሽ ሙጨ፣ ይህን አወጋሁት።
አልሳቀም። ገብቶ የጠመኔ ካርቶን ይዞ ወጣ፤
በከሰል የተጫረ፣ እንደ ጭራሮ አምስት አምስት የታሰረ።
«ይኸ» አለኝ፣ «ሰኞ ሰኞ በሩ ድረስ የሚመጣ፣
‹ክፍላችን ተሠራ ወይ?› እያለ የሚጠይቀኝ ነው።
ጣሪያው ካፈሰሰ ወላጁ አያስመዘግበውም፤
ካልተመዘገበ አንተ አትቆጥረውም፤
ካልቆጠርኸው ደግሞ ጣሪያ አይመጣለትም።
በል እንግዲህ፣ ሜትርህን ከየት ትጀምረዋለህ?»

ደመርሁት፦ ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስት።
ቅጹ ዓምድ የለውም፣ ደጅ የቆመ ልጅ የሚጻፍበት።

በመልሱ ጀልባ ላይ ካርቶኑን ታቅፌ
ያቺ መምህርት የጻፈችው «አየር» ትዝ አለኝ።
አንዱ ጋ ጣሪያ የለም፣ አንዱ ጋ መተንፈሻ፤
በጀቱ ለአንድ ነው። ማዕበሉ ለጀልባችን ግድ አልነበረውም፣
እኔም ለማን እንደማዝን ሳላውቅ ወደብ ደረስን።

ካርቶኑን ከቅጹ ጋር በስቴፕለር መታሁት፤ ወፈረና እምቢ አለ።
ጋሽ ሙጨ በሰጠኝ የመረብ ክር ሰፋሁት።
«ቁጥሩስ?» አለች ትሁን።
አቀበልኋት። ፊቱን አየች፣ ጀርባውን አየች፣
አንድ አንዱን ጭረት በጣቷ ተከተለች፣
ከዚያ ብዕር ፈለገች።
ሳትፈርም ገና፣ የፊርማው ቦታ ላይ
የከሰል አሻራ አረፈ።