የተረሳ ዕቃ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቶቡስ ነድቼ፣
ከአፉላ ቤት ሸአን ወጥቼ ገብቼ፣
መንገዱን አላውቅም።
የማውቀው መስታወት፣ የማውቀው ሰዓት ነው፤
ሦስት ደቂቃ ሳረፍድ ሬዲዮ የሚጮኸው።

ከኋላ ወንበር ሥር ካሜራ አገኘሁ፤
ዕቃ ክፍል ወርጄ ለዚናይዳ ሰጠሁ።
ከጃንጥላ ጋራ፣ ከአንድ እግር ጫማ፣
ዓመት ሙሉ ተኛች በሣጥን ጨለማ።
ባለቤት አልመጣም።
«ውሰዳት» አለችኝ፣ «አንተ ነህ ያገኘሃት፤
መደርደሪያው ሞልቷል፤ ካልፈለግህ ጣላት።»

ቤት ገብቼ ከፈትኳት።
ሁለት መቶ ፎቶ። አንድም የዚህ አገር የለም።
ከመንገድ ምልክቱ ፊደል ለቅሜ ነው
እንግሊዝ መሆኑን የደረስኩበት።
ጭጋግ ውስጥ የቆመ የድንጋይ አጥር፣
ሁለት ጋሪ የማያሳልፍ፣ ቅጠል የከደነው ጥርጊያ፣
በግ። ድልድይ። በግ። ደግሞ ዝናብ የመታው በግ።
በሁሉም ውስጥ አንድ ሰማያዊ ብስክሌት
አንዴ በር፣ አንዴ ግንድ ተደግፎ ቆሟል፤
ሰው ግን የለበትም።
አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኩሬ ውሃ ላይ፣
የባርኔጣ ጥላ።
ወንድ ይሁን ሴት ይሁን ምኑን አውቄው፤
ብቻውን መሄዱን ግን አልጠራጠርም፦
ጓደኛ ያለው ሰው በግን እንዲህ አያይም።

ዓርብ ማለዳ የአርካዲን ቀይ ብስክሌት ተዋስኩ፤
ኮርቻው የሚወጋ፣ ፍሬኑ የሚያለቅስ።
«በሃምሳ አራት ዓመትህ!» አለች ዋጋዬ፣
«ብቻ ሰንበት ሳይገባ ድረስ።»

ለካ መንገዱ ዳገት አለው!
ሞተር ዳገት አይነግርም፤ የሚናገር ጉልበት ነው።
ለካ ከዔን ሐሮድ ወዲያ አየሩ ይለወጣል፣
የላም በረት ሽታ ከባሕር ዛፍ ጋራ ተቃቅፎ ይመጣል።
ለካ ከስምንተኛው ፌርማታ ጀርባ
የለውዝ ዛፍ አለ፣ ነጭ በነጭ ያበበ፤
ስንቴ በሩን ከፍቼ ዘጋሁ አጠገቡ፣
እሱስ ስንት የካቲት እኔን ታዘበ።

የበረቱ በር ላይ አስደግፌ አነሣሁ።
የለውዙ ግንድ ላይ አስደግፌ አነሣሁ።
የዓሣ ኩሬው ሽቦ ላይ አስደግፌ አነሣሁ።
ከኩሬው ዳር አንድ የታይላንድ ሰው
ውሃ ውስጥ እስከ ጭኑ ገብቶ እጁን ዘረጋ፤
ፎቶ አታንሣኝ ይሁን፣ እንዴት አደርክ ይሁን፣
አልገባኝም። እኔም እጄን ዘረጋሁ።

ጊልቦዓ ላይ ዝናብ አይወርድም ሲሉ
ከአባቶች ሰምቻለሁ።
እርግማኑን ማን እንዳነሣው እንጃ፣
ከአናቴ እስከ ተረከዜ በስብሻለሁ።

ያኔ ሽመሎች ተነሡ።
ከማሳው ይሁን ከውሃው፣ አምስት መቶ ይሁን ሺህ፣
ሰማዩን እንደ ወፍጮ እያዞሩት።
ካሜራዋን ባነሣ «ቦታ የለም» አለች።
አንዱን መሰረዝ ነው።
ጣቴ አንድ በግ ላይ ደርሳ ቆመች።
የማላውቀው ሰው ቤት በሌሊት ገብቼ
ከራሱ ሥር ትራስ የምስብ መሰለኝ።
ተውኩት።
ሽመሎቹ ፎቶ ሳይሆኑ ሄዱ፤
አንገቴ እስኪያመኝ አየኋቸው።

ቅዳሜ፣ ሰንበት ሲወጣ፣ በተራ ተመለከትኩ።
የመጨረሻው የእንግሊዝ ፎቶ
የተዘጋ የእንጨት በር ነው፤ ከኋላው ጭጋግ።
ቀጥሎ የኔ መጀመሪያ፦
የበረት በር፣ ወለል ብሎ የተከፈተ፤ ከኋላው ላም።
ሰማያዊው ወጥቶ ቀዩ ገባ።
ሰው የለበትም።

እሑድ፣ በመጀመሪያው ጉዞ፣
ዳገቱ ጋ እግሬ ሳላዘው ነዳጁን ለቀቀ።
«እዚህ ፌርማታ አለ እንዴ?»
አሉ አንዲት ሴትዮ ዘንቢላቸውን እየሰበሰቡ።
«የለም» አልኳቸው። «ዳገት ነው።»
ሦስት ደቂቃ አረፈድኩ። ሬዲዮው ጮኸ።