ቶሎ የሚፈላ ውሃ

ጥቅምት ላይ ተመደብኩ፤ ፊዚክስ ላስተምር
ከሮቢት ቆላ ወጥቼ ጣርማበር አናት ሰፈርኩ።
እናቴ በደብተር ወረቀት ጠቅልላ
ሩብ ኪሎ የሻይ ቅጠል ሻንጣዬ ውስጥ አኑራለች፤
ከላዩ በእርሳስ፦
«ሲፈላ ጨምር፣
ከእሳት አውርድ፣ ክደን፣
መቶ ድረስ ቁጠር።»

የመጀመሪያው ማታ ጉሙ በበሩ ስንጥቅ
እንደ አበዳሪ ሳያንኳኳ ገባ፤
ክብሪቱ ረጥቦ ስምንት እንጨት ፈጀሁ።
ውሃው ግን ገና ሳልቀመጥ ተንተከተከ!
«ጎበዝ!» አልኩት፣ «የደጋ ውሃ፣ ፈጣን ነህ!»
ጨመርኩ፣ አወረድኩ፣ ከደንኩ፣
መቶ ቆጥሬ ቀዳሁ፤
ገለባ የታጠበበት የሚመስል ነገር ጠጣሁ።

በማግስቱ ቅጠሉን እጥፍ አደረግኩት፤
ቀለም እንጂ ጣዕም አልወጣውም።
በሦስተኛው ቀን ከውሃው ጋር አብሬ ቀቀልኩት፤
እንደ ሬት መረረ፣
ምላሴን ከትናጋዬ ሰፍቶ አሳደረ።

እትዬ ወደርየለሽ፣ ዋሻው አፍ አጠገብ
ለሾፌርና ለረዳት ሻይ የምትቀዳ፣
ጉዴን ሰምታ ሳቀች፤ የሳቋ እንፋሎት ፊቷን ሸፈነው።
«የሮቢትን ቁጥር ይዘህ እዚህ ወጣህ?» አለች።
«የኛ ውሃ ችኩል ነው፣ መምህር፤
ሆዱ ሳይሞቅ ይፎክራል፣
ያልገደለውን ይቆጥራል።
ጫካ ሙሉ ብታነድበት ከዚህ በላይ አይግልም።
ከእሳቱ የጎደለውን
በጊዜ ሙላለት።»

በራዱን አስቀድማ በፈላ ውሃ አለቀለቀችው፣
«ብርዳም ቤት እንግዳ አይጠራም» እያለች።
ቅጠሉን በሦስት ጣቷ ቆነጠረች፣
መሃሉ የገባች እንጨት ለቅማ ጣለች።
ቀረፋ ብላት፣ «ቀረፋ የጥፋት መሸፈኛ ነው፤
መጀመሪያ ራቁቱን ይቅመሰው ሰው።»
ከዚያ በብርድ ልብስ ቁራጭ ጠቀለለችው፣
ልክ እንደ ክርስትና ልጅ፤
ጭኗ ላይ አስቀምጣ መንገዱን ታይ ጀመር።

«እስከ ስንት ልቁጠር?»
«አትቁጠር። ወደ ደሴ የጫነ መኪና
ዋሻው ገብቶ ድምፁ እስኪጠፋ፣
እሱ አንድ ነው። ሁለት አሳልፍ።
ባዶውን እንዳትቆጥር፤ ባዶ ይሮጣል።»

አንዱ ገባ፣ እያቃሰተ፤ ጉሙ ኋላውን ዋጠው።
ሁለተኛው ዘገየ።
ስንጠብቀው ምንም አላወራንም።

ቀዳችልኝ፦ ቀይ፣ የጠለለ፣
በብርጭቆው ማዶ የጣቷ ጠባሳ የሚታይበት።
ስለ ጣዕሙ አልናገርም፤
ጆሮዬ ሞቀኝ፣ ይኸው ነው።

ያፈርኩበት ግን ሌላ።
በዚያው ሳምንት፣ ዘጠነኛ ቢ፣ በገዛ እጄ ጽፌያለሁ፦
«ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤
ውሃም ከመቶ ዲግሪ በታች ይፈላል።»
ትርንጎ የምትባል ልጅ እጇን አውጥታ
«እኛ ጋ በስንት ነው፣ ቲቸር?» ብትለኝ
«መጽሐፉ ላይ የለም» ብዬ
ሰሌዳውን አጠፋሁ።

ሰኞ ምድጃ፣ በራድ፣ ቴርሞሜትር ይዤ ገባሁ።
ትርንጎ ጎንበስ አለች፤ አነበበች፤ ጠርጥራ ደግማ አነበበች።
«ሰማንያ ዘጠኝ።»
ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «ሌላውን ማን ወሰደብን?» አለ፤
ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤
እኔም መልሱን ለማግኘት ወደ መስኮቱ ዞርኩ፣
ቁልቁል፣ ወደ ቆላው።

ማታ ደወልኩ። «እማ፣ መቶ እዚህ አይበቃም።»
«ታዲያ እስከ ስንት ትቆጥራለህ?»
«እስከ ሁለት የጫነ መኪና።»
ዝም አለች። ከበስተኋላዋ የሮቢት ፌንጣ ይሰማኛል።
«ልጄ» አለች ቀስ ብላ፣
«ብርዱ ጸንቶብሃል መሰለኝ።
ጋቢ ልላክልህ?»